ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮ አንድ ምክር አይበቃም

ወደ እኛ ከሚቀርቡት የጓሮ አትክልት ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ የሚያበቁት «ምን መድኃኒት ልርጭበት?» በሚል ቃል ነው። ቅጠሉ የጠቆረ ቲማቲም፣ ሥሩ የበሰበሰ ቃሪያ፣ ክሽክሽ የወረረው ጎመን በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ባለ ጓሮውም የመድኃኒቱን ስም ይጠይቃል። እኛም ለብዙ ጊዜ የተጠየቅነውን ብቻ ስንመልስ ቆይተናል። ዛሬ የምናቀርበው አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ጓሮዎች የሚታየው የአትክልት ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ከመድኃኒት እጦት አይደለም። ተክሉ በማይስማማው ስፍራ፣ በማይስማማው ወራት፣ አንዳንዴም በማይስማማው ውሃ ከመልማቱ የተነሣ ነው። ለዚህም ስሕተት ተጠያቂው ባለ ጓሮው ብቻ አይደለም። ለሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ምክርና አንድ ዓይነት ችግኝ ስንሰጥ የኖርን እኛ ባለሙያዎችም ድርሻ አለን።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አንድ ዓመት በመስከረም መጨረሻ ከአንድ መደብ የተነቀለ የቲማቲም ችግኝ ለሁለት እኅትማማቾች ደረሰ። ታላቂቱ የደሴ፣ ታናሺቱ የኮምቦልቻ ነዋሪ ናቸው። ሁለቱም እኩል ኮተኮቱ፤ እኩል አጠጡ። በታኅሣሥ የኮምቦልቻዋ ለወጥና ለሰላጣ የሚሆን ቲማቲም ትለቅም ጀመር። የደሴዋ ተክል ግን በኅዳር አበባውን አራግፎ፣ ቅጠሉ ጠቁሮና ተኮማትሮ ቀረ። እኒህ እናት ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝተው ከረጩ በኋላ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ የእኔ እጅ ለተክል አልታደለም መሰለኝ፤ የእኅቴ ግን ተባረከላት» አሉን። «እማማ፣ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የደሴ ኅዳር ነው» ብለን መለስንላቸው። አበባውን ያራገፈው የሌሊቱ ብርድ ነበር። ለብርድ ደግሞ የሚረጭ መድኃኒት የለም። እኒህ እናት ለሁለት ርጭት ያወጡት ገንዘብ በከንቱ የጠፋው ችግኙን የሰጠናቸው እኛ «ይህ ለደሴ በዚህ ወር አይሆንም» ብለን ስላልነገርናቸው ነው።

የ25 ኪሎ ሜትር ልዩነት

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን መሬቱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል በአማካይ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ልዩነት አለ። አንደኛው ደጋ፣ ሁለተኛው ወይና ደጋ ነው። ከደሴ ኮት ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል። ተክል ግን የሚያወልቀውም የሚደርበውም የለውም።

የምርምሩን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በአገራችን ብዙዎቹ የተሻሻሉ የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የበርበሬ ዝርያዎች ተፈትነው የወጡት 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በመልካሳ የምርምር ማዕከል ነው። የቲማቲሙ መልካ ሾላ፣ የበርበሬው ማረቆ ፋና፣ የሽንኩርቶቹ አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ ከዚያ የመጡ ናቸው። በሌላ በኩል እንደ ጉደኔና በለጤ ያሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ከሆለታ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ በአየሩ ለመልካሳ ሲቀርብ ደሴ ለሆለታ ይቀርባል። በመልካሳ የተሞከረውን የመትከያ ወር እንዳለ ገልብጦ ለደሴ መስጠት የቆላውን ዘር በደጋ እንደ መዝራት ነው። ገበሬያችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ ደጋና ቆላ ብሎ መሬቱን የለየውም ለዚሁ ነው። በከተማ ጓሮ ላይ ግን ይህ ዕውቀት ተረስቷል።

ወራቱን ከጓሮው ጋር ማስማማት

በሁለቱም ከተሞች ዝናሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ዝናሙ ተመሳሳይ ቢመስልም ጥቅሙና ጉዳቱ በየከተማው ይለያያል።

ለደሴ ጓሮ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለባቸው ድንች፣ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ናቸው። እነዚህ ቀዝቃዛ አየር ይወዳሉ። ክረምቱ ሲወጣ የሚዘራ ካሮትና ቀይ ሥር፣ የሚተከልም ጎመን ውሃ ካገኘ የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ ለስላሳ ችግኝ ያለው ሰው ማታ ጆንያ ወይም ገለባ ጣል አድርጎ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ማንሣት አለበት። ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈስሳል። በመሆኑም የጓሮው ዝቅተኛ ጥግ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ስፍራ መሆኑ አይዘንጋ።

በደሴ ቲማቲም ፈጽሞ አይበቅልም ማለታችን አይደለም። ቲማቲም ለመብላት የፈለገ የደሴ ሰው ዘሩን በጥር መጀመሪያ በጣሳ ዘርቶ ሌሊት ቤት እያስገባ ማሳደግ፣ ብርዱ ሲለዝብ በየካቲት መትከልና ዋናው ክረምት ሳይገባ በግንቦትና በሰኔ መልቀም ይችላል። ስፍራውም ወደ ደቡብ በዞረ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር ቢሆን ይመረጣል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልስለታል።

ለኮምቦልቻ ደግሞ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ስኳር ድንች፣ ፓፓያ፣ ሙዝና ሎሚ ይስማማሉ። ቲማቲምና ቃሪያ በመስከረምና በጥቅምት ተተክለው በመስኖ ቢያድጉ ከክረምቱ እርጥበት ያመልጣሉ። በኮምቦልቻ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያምርባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የተተከለ ሰላጣ ቅጠሉ ሳይበላ ወደ አበባ ይሸሻል፤ ቅጠሉም ይመራል። ይህንንም በሽታ ነው ብለው መድኃኒት የጠየቁን አሉ።

አፈሩና መደቡ

ጤነኛ ተክል ከጤነኛ አፈር ይወጣል ሲባል እንደ ተረት እየታየ ነው። እኛ ግን የምንለው በተግባር የሚታይ ነገር ነው። በጦሳ ግርጌና በደሴ ተዳፋቶች ላይ ያሉ ብዙ ጓሮዎች አፈራቸው ስስና ድንጋያማ ነው፤ ዝናም በመጣ ቁጥርም ይታጠባል። በኮምቦልቻ ሜዳ ደግሞ ሲርስ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ይበዛል። በአንደኛው ተክሉ ይራባል፤ በሁለተኛው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ቢጫ ቅጠል ናቸው።

ጓሮውን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 30 ሣንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውሃ መሙላት ነው። ጧት ውሃው እዚያው ከተገኘ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል ማለት ስለሆነ መደቡ ከ15 እስከ 20 ሣንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። በተዳፋት ላይ ግን መደቡ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በአግድም ይሠራ፤ ጫፉም በድንጋይ ይደገፍ። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 ባይበልጥ ከሁለቱ ወገን እጅ ይደርሳል፤ መደቡም አይረገጥም። መደቡ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከባሕር ዛፍ ሥርም በተቻለ መጠን የራቀ ይሁን። ባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ መደብ ቢያጠጡት የሚጠጣው ዛፉ ነው።

የኮምፖስት አሠራርም በሁለቱ ከተሞች ይለያል። በኮምቦልቻ ደረቅ ወራት ጉድጓድ እርጥበቱን ይጠብቃል። በደሴ ክረምት ግን ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ይሸታል እንጂ አይበሰብስም፤ ስለዚህ ከመሬት በላይ ተከምሮ መሸፈን አለበት። ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ የወጥ ቤት ትርፍራፊና እርጥብ ሣር፣ ከዚያም ጥቂት ፍግና አፈር እየተደራረበ በየ3 ሳምንቱ ቢገለበጥ ከ3 እስከ 4 ወር ይደርሳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይበቃል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርና ተባይም ያመጣል።

በአንድ መደብ ላይ በየዓመቱ አንድ ዘመድ አለመትከልም የአፈሩ ጤና ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና በርበሬ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ድንች የነበረበት መደብ በሚቀጥለው ጊዜ ባቄላ ወይም ጎመን፣ ከዚያም ሽንኩርት ወይም ካሮት ቢሆን ይመረጣል። ወደ ድንች ወይም ወደ ቲማቲም መመለስ የሚገባው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ጓሮው ጠባብ ከሆነ ቢያንስ ቲማቲምን ከድንች አጠገብ አለመትከል ነው።

የምናጠጣው ውሃ

ስለ ውሃ ስንናገር የአጠጣጡ ነገር ቀላሉ ነው። ጧት ማጠጣት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ማርጠብ፣ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገብቶ ደረቅ ከሆነ ብቻ መጨመር፣ በመደቡም ላይ ገለባ መጎዝጎዝ በቂ ነው። ማታ ቅጠል ላይ የፈሰሰ ውሃ ሌሊቱን ሳይደርቅ ስለሚያድር የበሽታ መንገድ ይጠርጋል።

ከባዱ ጉዳይ ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ የሁለቱን ከተሞች ፍሳሽ ይቀበላል። በኮምቦልቻ አካባቢ ወደ ቦርከና በሚገቡ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን ወደ ውሃው እንደሚጨምር አሳይተዋል። በቆሻሻ ውሃ የለማ ሰላጣ ጥሬውን ሲበላ ታይፎይድና የአንጀት ትላትል ያመጣል። ጀርሙን በማብሰል መግደል ይቻላል። ቅጠሉ በሥሩ የመጠጠው ብረት ግን በመታጠብም በመቀቀልም አይወጣም። ይህን ውሃ የጠጣ ጎመን ለዓይን ለምለም ሊሆን ይችላል፤ አደጋውም ይኸው ነው።

ስለዚህ በእኛ እምነት በወንዝ ዳር ያለ ባለ ጓሮ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ በታች ባለው ውሃ ቅጠላ ቅጠል ማልማት የለበትም። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ማጠራቀም፣ አትክልትና እህል የታጠበበትን ንጹሕ ውሃ ለመደቡ ማዋል ይቻላል። አንድ 200 ሊትር በርሜል ለትንሽ መደብ የብዙ ቀን ውሃ ነው። የወንዙን ንጽሕና መጠበቅ ግን የባለ ጓሮው ሸክም አይደለም። ፍሳሹን የሚለቀውና የሚቆጣጠረው ወገን ግዴታ ነው፤ ይህንንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

መድኃኒት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በክረምት ድንችና ቲማቲም ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡኒ ምልክት ወጥቶ በቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ከታየ፣ ይህ ገበሬው ብዙ ጊዜ «ምች መታው» የሚለው የዋግ በሽታ ነው። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ሁሉ ያዳርሳል። በደሴ ጉም ይህ አየር ሳምንታት ይቆያል። መከላከያው አስቀድሞ በሽታውን የሚቋቋም የድንች ዝርያ መምረጥ፣ አራርቆ መትከል፣ የታመመውን ቅጠል ገና ሲታይ ነቅሎ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። የታመመ ተክል ኮምፖስት ውስጥ አይጨመርም።

ጎመን ላይ የሚወጣው ክሽክሽ በውሃ ግፊት ይታጠባል። ካልሆነም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ በቅጠሉ ሥር መርጨት ይቻላል። በመጀመሪያ በሁለት ቅጠል ላይ ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው። ችግኝ በጧት ተቆርጦ ከተገኘ፣ አጠገቡ ያለውን አፈር ሲጭሩ ቆራጭ ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ በእጅ መልቀም ነው። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽ የምትበላ ወዳጅ ናት። በየሳምንቱ የሚረጭ ሰው በመጀመሪያ የሚገድለው እሷን ነው፤ ክሽክሹ ግን ቶሎ ይራባና ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መድኃኒት የግድ ከሆነ፣ ስሙና የአጠቃቀሙ መመሪያ በተለጠፈበት በመጀመሪያው ዕቃ ያለውን ብቻ መግዛት ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። በለስላሳ ጠርሙስ ተቀንሶ በገበያ የሚሸጥ መድኃኒት ምንነቱም መጠኑም አይታወቅም፤ ልጅም ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት መመሪያው ይነግራል። ትናንት የተረጨ ጎመን ዛሬ ድስት ውስጥ ከገባ፣ ያተረፍነው ጎመኑን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም።

የምንጠይቀው

«ይህ ሁሉ ልዩነት ሥራ ያበዛል፤ ለከተማ ጓሮ አንድ ዕቅድ ይበቃል» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። የተሠራጨ ችግኝ ቁጥር ለሪፖርት እንደሚመች እናውቃለን። ነገር ግን ቁጥሩ መቆጠር ያለበት ችግኙ ሲታደል ሳይሆን ምርቱ ከማዕድ ሲደርስ ነው። አንድ ጊዜ ተክሉ የሞተበት ሰው ሁለተኛ አይተክልም፤ እንደ ደሴዋ እናት እጁን ይወቅሳል። ደግሞም ጓሮ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰበት ወቅት ያለፈ ሰው፣ ገበያና መንገድ ሲቋረጥ ከደጅ የሚቆረጥ አንድ እፍኝ ጎመን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል።

ስለዚህ ከባልደረቦቻችን የምንጠይቀው፣ ለደሴ አንድ፣ ለኮምቦልቻ ሌላ የመትከያ ወር እንዲዘጋጅ፣ ችግኝም በዚያው መሠረት እንዲታደል ነው። የመድኃኒት ስም ከመናገራችንም በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የት ተተከለ? መቼ ተተከለ? ምን ውሃ ጠጣ?

ከባለ ጓሮዎች የምንጠይቀው ደግሞ ትንሽ ነው። አንድ ደብተር ይኑር። የተዘራበት ቀን፣ ውርጭ የጣለበት ሌሊት፣ በሽታ የታየበት ሳምንት ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ለዚያ ጓሮ ከእኛ ጽሑፍ ይበልጥ የታመነ መካሪ ይሆናል። እኛም ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ሰው ስናገኝ ከእርሱ እንማራለን።

እኒያ የደሴ እናት በተከታዩ ዓመት ቲማቲሙን ትተው በዚያው መደብ ላይ ካሮትና ጎመን አለሙ። ሲመጡ የያዙት የታመመ ቅጠል ሳይሆን አንድ እስር ካሮት ነበር። ስለ መድኃኒትም አልጠየቁንም።